የፋብሪካ ስህተት ወይስ የገበያ ጉዳት?

በሳንቲም ላይ የሚታይ እንግዳ ነገር ሁሉ የተፈጠረው ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው፤ ወይ ሳንቲሙ ገና ፋብሪካ ውስጥ ሳለ፣ ወይ ከፋብሪካ ወጥቶ በኪስ፣ በመሳቢያ፣ በማሽንና በአፈር ሲንከራተት። የመጀመሪያው የፋብሪካ ስህተት ይባላል፤ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል፣ አንዳንዴም ብዙ ይከፍሉበታል። ሁለተኛው ማለቅ ወይም ጉዳት ነው፤ በሳንቲሙ ዋጋ ላይ የሚጨምረው የለም፣ እንዲያውም ይቀንስበታል። ሁለቱ ግን ለዓይን ይመሳሰላሉ። አንድ ፊደል የጠፋው ሲታተም ቅባት ደፍኖት ሊሆን ይችላል፤ አስፋልት ፍቆትም ሊሆን ይችላል። ለመለየት የሚረዳው የብርቅ ሳንቲሞችን ዝርዝር በቃል መያዝ አይደለም፤ ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነው። አንድ ምልክት በየትኛው የሥራ ደረጃ ሊፈጠር እንደሚችል ማሳየት ካልተቻለ ምልክቱ የፋብሪካ አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው ከተጠቀለለ የብረት ንጣፍ ነው። ብስኩት ከተዳመጠ ሊጥ ላይ በክብ ቆራጭ እንደሚነሣ ሁሉ፣ ከንጣፉ ላይ ክብ ጥፍጥፎች በመብሻ እየተቆረጡ ይወጣሉ። ጥፍጥፎቹ በምድጃ ግለው ይለሰልሳሉ፤ ይታጠባሉ፤ ቀጥሎም ዙሪያቸውን ጨምቆ በሚያንከባልል ማሽን አልፈው ጠርዛቸው ከመሀላቸው ትንሽ ከፍ ይላል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ጥፍጥፍ በሁለት ማኅተሞች መካከል ይቀመጣል። አንዱ ማኅተም የዘውዱን፣ ሌላው የጎፈሩን ምስል ይዟል፤ ዙሪያውን ደግሞ የብረት ቀለበት ያቅፈዋል። ማተሚያው ሲጫን የጥፍጥፉ ብረት በማኅተሞቹ ጎድጓዳ ሥዕል ውስጥ ይሞላል፤ ቀለበቱ ወደ ጎን እንዳይፈስ ያግደዋል። በሳንቲም ጎን ላይ የሚዳሰሱት ጥርሶች የዚህ ቀለበት አሻራ ናቸው። ኅትመቱ የሚያልቀው ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ ጠቃሚ ሕግ ይወጣል። ማኅተሙ የሳንቲሙ ግልባጭ ስለሆነ፣ በማኅተሙ ላይ የተፈጠረ ስንጥቅ ወይም ጭረት በሳንቲሙ ላይ የሚታየው ጎድጉዶ ሳይሆን ጎልቶ ነው። ስለዚህ በንጉሥ ምስል ጉንጭ ላይ የሚያልፍ ቀጭን መስመር በጥፍር ሲዳሰስ ከፍ ብሎ ከተገኘ ማኅተሙ ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው፤ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ግን አንድ ስለታም ነገር ሳንቲሙን ጭሮታል። ከማኅተሙ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ተገንጥሎ ሲወድቅም በዚያ ቦታ ሳንቲሙ ላይ ቅርጽ የሌለው የብረት ጉብታ ከጠርዙ ጋር ተያይዞ ይቀራል። እንዲህ ያለ ጉብታ ከውጭ ሊሠራ አይችልም፤ መዶሻ ብረት ይጨፈልቃል እንጂ ብረት አይጨምርም።

ሕጉ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ሳንቲሙ ሲታተም በማኅተሙና በጥፍጥፉ መካከል ክር፣ የጨርቅ ቁራጭ ወይም የብረት ፍቅፋቂ ከገባ የዚያ ነገር ቅርጽ ጎድጉዶ ይታተማል፤ ይህም እውነተኛ የፋብሪካ ስህተት ነው። በሌላ በኩል ጎልቶ የወጣ ነገር ሁሉ ስህተት አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 የአንድ ሳንቲሟን ይዘት ከነሐስ ወደ መዳብ የተለበጠ ዚንክ ስትለውጥ ክብደቱ ከ3.11 ግራም ወደ 2.5 ግራም ወረደ፤ ከልባጩ ሥርም አየር እየተያዘ ትናንሽ አረፋዎች ይፈጠሩ ጀመር። አረፋው በርግጥም ከፋብሪካ የመጣ ነው፤ ግን በጣም ከመብዛቱ የተነሣ እንደ ስህተት ቆጥሮ የሚከፍልበት የለም። ፊደሉ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ድርብ ስለሚያስመስለው ጀማሪዎችን በተደጋጋሚ ያታልላል።

ድርብ ሆኖ የሚታይ ጽሑፍ የዚህ ዕውቀት አስቸጋሪው ክፍል ነው፤ በጣም የሚታወቀው ምሳሌም እ.ኤ.አ. የ1955 የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ነው። በዚያ ዘመን ማኅተም የሚሠራው ሥዕሉን የያዘ ዋና ቅርጽ በኃይል በመጫን ነበር፤ አንድ ጊዜ መጫን ስለማይበቃም ማኅተሙ ግሎ ከለሰለሰ በኋላ ዳግም ይጫናል። በፊላደልፊያ ፋብሪካ የተሠራ አንድ ማኅተም በሁለተኛው ጊዜ በጥቂቱ ዞሮ ተቀመጠና ሥዕሉን ሁለት ጊዜ ያዘ። ጉድለቱ ሲታወቅ ከማኅተሙ የወጡት ሳንቲሞች ከብዙ ደህና ሳንቲሞች ጋር ተቀላቅለው ስለነበር ሁሉንም አቅልጦ እንደገና ከመሥራት ይልቅ እንዲወጡ ተወሰነ። ወደ ገበያ የገቡት ከ20,000 በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። በዘውዱ በኩል ዓመተ ምሕረቱና ጽሑፎቹ ያለ ማጉያ በሚታይ ርቀት ሁለት ሁለት ሆነው ቆመዋል፤ ጎፈሩ ግን ምንም አልሆነም፤ ድርብ የሆነው አንዱ ማኅተም ብቻ ነበርና።

የዚህ ሳንቲም ዝና ብዙ አስመሳዮችን አስከትሏል። ማኅተሙ በደንብ ሳይታሰር ሲቀር በሚታተምበት ቅጽበት ይንቀጠቀጥና አዲስ የታተመውን ፊደል ገፋ ያደርገዋል። ውጤቱ ከሩቅ ሲያዩት ድርብ ፊደል ነው። በ10 እጥፍ ማጉያ ሲታይ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። በእውነተኛው ድርብ ፊደል ሁለቱም ምስሎች ሙሉ ቁመትና ክብ ትከሻ አላቸው፤ ጫፎቻቸው በሚለያዩበት ቦታ ትንሽ ስንጥር ይታያል፤ ፊደሉም በአጠቃላይ ከተለመደው ይሰፋል። የተንቀጠቀጠው ማኅተም የሚተወው ግን ከፊደሉ ጎን ዝቅ ያለ፣ የተደፈጠጠና የሚያብረቀርቅ መደብ የመሰለ ደረጃ ነው፤ መደቡ የተሠራው ከራሱ ከፊደሉ ብረት ስለሆነም ፊደሉ ይቀጥናል እንጂ አይሰፋም። ሦስተኛም አለ። ብዙ ያገለገለ ማኅተም ከብረቱ ፍሰት የተነሣ ጠርዙ ይሸረሸርና በፊደሎቹ ዙሪያ የደበዘዘ ጥላ ይተዋል። በዚያው በ1955 የታተሙ፣ የመጨረሻው 5 ቁጥር ጥላ ያለበት በርካታ ሳንቲሞች አሉ፤ ሻጮች ከታዋቂው ጋር እያቆራኙ ያቀርቧቸዋል፤ ግን ከደከመ ማኅተም ውጭ ሌላ ታሪክ የላቸውም።

ከጥፍጥፉ የሚመጡ ስህተቶች ሌላ ዓይነት ማስረጃ ይተዋሉ። መብሻው ቀድሞ በተበሳው ቀዳዳ ላይ ተደራርቦ ሲወርድ ጥፍጥፉ የጨረቃ ግማጅ የመሰለ ጉድለት ይዞ ይወጣል። ይህን በመቀስ ወይም በሞረድ መሥራት ለማንም አይከብድም፤ ለዚህም የጎደለውን ቦታ ብቻ የሚመረምር ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። መታየት ያለበት ተቃራኒው ጎን ነው። ጥፍጥፉ ጠርዙን በሚያነሣው ማሽን ውስጥ ሲንከባለል የጎደለው ቦታ ላይ ምንም የሚጫን ነገር ስለሌለ በትክክል ትይዩው ላይም ግፊት ይጠፋል፤ ስለዚህ ከጉድለቱ ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ሰንፎ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ጠፍቶ ይታያል። በጉድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደሎችም ብረቱ ወደ ባዶው ቦታ ስለፈሰሰ ሳሳ ብለውና ተስበው ይገኛሉ። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተቆረጠ ሳንቲም ግን ትይዩ ጠርዙ ሙሉ ነው፤ ፊደሎቹም በቢላ እንደተቆረጡ ድንገት ያልቃሉ። የትይዩው ጠርዝ ምልክት በሁሉም እውነተኛ ጉድለት ላይ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን እጅግ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

በተሳሳተ ጥፍጥፍ ላይ የታተመ ሳንቲም የሚለየው ከሁሉ በፊት በሚዛን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መዳብ ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1943 አንድ ሳንቲሟን ዚንክ በተቀባ አረብ ብረት አተመች። ጥቂት የነሐስ ጥፍጥፎች ግን ከቀደመው ዓመት ቀርተው ከአዲሶቹ ጋር ታተሙ፤ ዛሬ ከአሜሪካ ሳንቲሞች ሁሉ ተፈላጊ ከሚባሉት መካከል ናቸው። አስመሳዩ በመዳብ የተለበጠ የአረብ ብረት ሳንቲም ነው፤ ማግኔት ሲቀርበው ዘሎ ይጣበቃል፤ እውነተኛው ነሐስ አይነቃነቅም። በዚህ ያለፈ ሰው ደግሞ የ1948ን ሳንቲም 8 ቁጥር ቆርጦ 3 ማስመሰልን መጠበቅ አለበት።

ማግኔት ብቻውን ግን ፈራጅ አይሆንም። ብዙ አገሮች ወጪ ለመቀነስ ከውስጥ አረብ ብረት ወደሆነ ልብጥ ሳንቲም ተሸጋግረዋል፤ የኢትዮጵያም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በ1969 ዓ.ም. የጀመሩት አንበሳ የሚታይባቸው ሳንቲሞች መጀመሪያ ሲታተሙ ስሙኒውና ሽልንጉ የመዳብና ኒኬል ቅይጥ ነበሩ፤ ከኋለኞቹ ኅትመቶች ግን ማግኔት የሚስባቸው አሉ። ሁለት ሽልንግ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ አንዱ ተስቦ ሌላው ሲቀር ስህተት ተገኘ ማለት ለውጡን አለማወቅ ነው። ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለዓመተ ምሕረትም ያስፈልጋል። በ1936 ዓ.ም. የተጀመረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሳንቲም ተርታ ለብዙ ዓመታት ያው 1936 እንደተጻፈበት ሲታተም ቆይቷል። የማርያ ቴሬዛ ብርም ንግሥቲቱ በሞተችበት እ.ኤ.አ. በ1780 ቆሞ ከቪየና ሌላ በለንደን፣ በሮም፣ በፓሪስና በቦምቤይ ጭምር ተደጋግሞ ታትሟል። ቀኑና ሥራው አለመግጠሙ የታሰበበት ነው።

ከዚያው ከ1936 ተርታ አንዱ ደግሞ ጉዳት የሚመስል፣ ግን ጉዳት ያልሆነ ነገር ያሳያል። የነሐሱ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ታተመ። መጠኑ ከብሩ ሽልንግ ጋር ተቀራራቢ ስለነበር በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ወጣ ገባ ተደርጎ ወጣ። ከነዚህ መካከል አቆራረጣቸው ሻካራና ያልተስተካከለ አሉ፤ የማያውቅ ሰው በእጅ የተሞረዱ ይመስሉታል። በዳግማዊ ምኒልክ ብሮችም አንበሳው በአንዳንዱ ቀኝ፣ በአንዳንዱ ግራ የፊት እግሩን አንሥቷል። ሁለቱም በፓሪስ ታስቦባቸው የተቀረጹ ናቸው፤ ልዩነት እንጂ ስህተት አይባሉም።

ስህተትና ልዩነት የሚገናኙበት ጥሩ ምሳሌ የብሪታንያ 20 ፔንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የሳንቲሞቹ ጎፈር በጋሻ ቁርጥራጮች ሲተካ ዓመተ ምሕረቱ ከጎፈሩ ወደ ንግሥቲቱ ምስል ጎን ተዛወረ። አሮጌው የዘውድ ማኅተም ከአዲሱ የጎፈር ማኅተም ጋር ሲጣመር በሁለቱም ገጽ ዓመት የሌለው ሳንቲም ወጣ። ከ2008 በፊት የታተሙት 20 ፔንሶች ግን በንግሥቲቱ በኩል ዓመት ኖሯቸው አያውቅም፤ ገልብጦ ጎፈሩን ያላየ ሰው ሁሉ ብርቅ ያገኘ ይመስለዋል። ሁለቱን ገጽ አለማየት ከሁሉም ቀላሉ ስህተት ነው።

ማለቅ የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የሚፋቀው ከሁሉ ከፍ ያለው ነው፤ በሰው ምስል ላይ ጉንጭ፣ ቅንድብና ከጆሮ በላይ ያለው ጸጉር፣ በአንበሳ ላይ ደግሞ ግንባርና ጎፈር። ፊደሎች በዝግታ ይወፍሩና ይደበዝዛሉ፤ በመጨረሻ ከጠርዙ ጋር ይዋሐዳሉ። ሽግግሩ ቀስ ያለ ስለሆነ የተፋቀው ቦታ ድንበር የለውም፤ ገጹም ልስልስና ድብዝዝ ያለ ነው። በደካማ ግፊት የታተመ ሳንቲምም ጉንጩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ባዶው ቦታ ላይ ጥፍጥፉ ከመታተሙ በፊት የነበሩት ጥቃቅን ጭረቶች ይታያሉ፤ ምክንያቱም የማኅተሙ ጥልቅ ክፍል ስላልደረሰባቸው አልጠፉም። ዙሪያው ደግሞ የአዲስ ሳንቲም ብልጭታ ይኖረዋል። ቅባትና ቆሻሻ በማኅተሙ ፊደል ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ አንድ ሁለት ፊደል ብቻ ይጠፋና ጎረቤቶቹ ስለታም ሆነው ይቀራሉ። ማለቅ እንዲህ አይመርጥም። በጠፋው ፊደል ቦታ ትይዩ የሆኑ ጭረቶች ከታዩ ግን መልሱ ሌላ ነው፤ ሰው ፍቆታል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በአንድ ሳንቲም ላይ ቢጠና ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ በዴንቨር ፋብሪካ ሁለት ማኅተሞች በመካከላቸው ጥፍጥፍ ሳይኖር ተጋጭተው የአንዱ ምስል በሌላው ላይ አረፈ። ያንን ለማጥፋት ማኅተሙ ሲወለወል ከልክ በላይ ሆነና በባለ ጎሹ አምስት ሳንቲም ላይ የጎሹ አንድ የፊት እግር ጠፋ፤ ሰኮናው ብቻ መሬት ላይ ቀረ። ባለ ሦስት እግሩ ጎሽ ተፈላጊ ሲሆን እግሩን በመቅረጫ ፍቀው የሚሸጡ ሰዎች ተነሡ። ይሁን እንጂ እውነተኛው ሳንቲም ከጎሹ ሆድ ሥር ወደ መሬት የሚወርዱ ጎልተው የወጡ ነጠብጣቦች አሉት፤ እነዚህ ከማኅተሙ ሻካራነት የመጡ ናቸው። እግሩን የፋቀ ሰው ብረት ቀንሷል፤ ብረት መጨመር ስለማይችል ነጠብጣቦቹን ሊፈጥራቸው አይችልም። በቀሪው ገጽ ላይ ደግሞ የመቅረጫው ዱካ ያብረቀርቃል።

የገበያ ጉዳት ብዙ መልክ አለው፤ ጥቂቶቹ ብቻ ደጋግመው ያሳስታሉ። በልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ተቀርቅሮ ለወራት የተንከባለለ ሳንቲም ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይወፍራል፤ ዲያሜትሩ ይጠባል፤ በጠርዙ አጠገብ ያሉት ፊደሎች ይዋጣሉ፤ ክብደቱ ግን ብዙም አይቀንስም። በባንክ ሳንቲም የሚጠቀልል ማሽን አንዳንዴ በገጹ ላይ ፍጹም ክብ የሆነ ቦይ ይተዋል። አሲድ የበላው ሳንቲም ሳስቶና አንሶ ስለሚገኝ በትንሽ ጥፍጥፍ ላይ የታተመ ይመስላል፤ ነገር ግን ምስሉ ከነጽሑፉ ሙሉ ነው። በእውነት በትንሽ ጥፍጥፍ ላይ ቢታተም ኖሮ የማኅተሙ ዳር ባዶ ላይ ስለሚወድቅ የዳር ፊደሎች ሊገኙ አይችሉም ነበር። የቀለም ለውጥ ከሁሉም ደካማው ማስረጃ ነው፤ እሳት፣ አፈርና የትምህርት ቤት ኬሚስትሪ መዳብን ብርማም ወርቅማም ያደርጉታል።

ሁለት ሳንቲሞችን በሞርሳ አጣብቆ በመጭመቅ የሚሠራ ማታለያም አለ። የአንዱ ምስል በሌላው ላይ ተገልብጦና ጎድጉዶ ይወጣል። ፋብሪካ ውስጥም ታትሞ ያልወጣ ሳንቲም ከማኅተሙ ጋር ተጣብቆ ሲቀር ቀጣዩ ጥፍጥፍ ተመሳሳይ የተገለበጠ ምስል ይቀበላል፤ ግን በዚያ ገጽ ላይ ሌላ ምስል አይኖርም፤ ማኅተሙ ተሸፍኗልና። በሞርሳ የተሠራው ግን የራሱ የመጀመሪያ ምስል ከሥር ተደፍጥጦ ይታያል። በሁለቱም በኩል ዘውድ ያለው ሳንቲምም ብዙውን ጊዜ የአስማተኞች ዕቃ ነው፤ አንዱ ሳንቲም ተቦርቡሮ የሌላው ግማሽ ተሰክቶበታል፤ ስፌቱ ከጠርዙ በውስጥ በኩል በማጉያ ይገኛል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲጣልም ድምፁ ደነዝ ነው።

በኢትዮጵያ አሮጌ ብሮች ላይ በጣም የሚያጋጥመው ጉዳት ከጌጥ የመጣ ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር ለአንገት ጌጥ ሲውል ቀለበት ይበየድበት ወይም ይበሳ ነበር። ቀለበቱ ተነቅሎ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ ሲመለስ በጠርዙ አናት ላይ ቀለሙ ከቀሪው የተለየ ብየዳ ይቀራል፤ ጽሑፉ በዚያ ቦታ ይቋረጣል፤ ከጀርባውም ትይዩ ቦታ ላይ ተመሳሳይ ለስላሳ ጥገና ይገኛል። በጎን ላይ ያለው የተቀረጸ ጽሑፍ መቋረጡ ሌላ ምስክር ነው። ሙሉው ብር 28.07 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከዚህ የራቀ ክብደት ያለው ሁሉ ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል።

ባለ ሁለት ቀለም የሆነው የኢትዮጵያ አንድ ብር፣ እንደ አንድና ሁለት ዩሮ ሳንቲሞች ሁሉ፣ ቀለበትና እምብርት አለው። ሁለቱ የሚጣበቁት በሚታተሙበት ግፊት ነው። እምብርቱ ከቦታው ሸርተት ብሎ ከታተመ ምስሉ ሳይቋረጥ በተዛባው ድንበር ላይ ያልፋል። በመዶሻ ተመትቶ የወጣ እምብርት ግን ምስሉን በድንበሩ ላይ ቆርጦ ይሄዳል፤ የመዶሻውም ዱካ ከአንዱ ገጽ ይገኛል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ 10 እጥፍ ማጉያ፣ እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ማግኔትና ከሁሉ በላይ ከተመሳሳይ ዓመት የሆነ ደህና ሳንቲም። ሚዛን ላይ ትንሽ ልዩነት ሲታይ መቸኮል አይገባም፤ እያንዳንዱ ሳንቲም የተፈቀደለት ወሰን አለው፤ በጣም ያለቀም ጥቂት በመቶ ያጣል። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ሲመጣና ሳንቲሙ በዝግታ ሲዞር ጎልቶ የወጣውና የጎደጎደው ይለያያሉ፤ ከላይ በቀጥታ በሚወርድ መብራት ግን አንጎል ጉድጓዱን ጉብታ አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ በስልክ ፎቶ ብቻ የሚደረግ ፍርድም በዚሁ ምክንያት ደካማ ነው። ከምርመራው በፊት ሳንቲሙን በሎሚ፣ በአመድ ወይም በብሩሽ ማጽዳት አይገባም። ፈሳሹና ብሩሹ የሚያነሡት ቆሻሻውን ብቻ አይደለም፤ በጭረቱ ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌ ዝገትም ያነሣሉ፤ ጭረቱ ትናንት ይሁን ከሃምሳ ዓመት በፊት የተፈጠረ የሚለየው ደግሞ በዚያ ዝገት ነው።